ባዶ የተባለው መሬት

በልጅነቴ ወተት ወደ ቤታችን የሚገባው በአንዲት አፋር ሴት እጅ ነበር። አባቴ በመካከለኛው አዋሽ ከነበሩት የጥጥ እርሻዎች በአንዱ የሒሳብ ጸሐፊ ስለ ነበረ፣ የምንኖረው በሽቦ በታጠረ፣ የቧንቧ ውኃና የዛፍ ጥላ ባለው የሠራተኞች ሠፈር ነው። ማለዳ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ ሴትዮዋ ከሰሌን የተሠራና በጢስ የታጠነ የወተት ዕቃዋን አንግታ ከአጥሩ በር ትቆማለች። እናቴ ትወጣለች። በመካከላቸው የረባ የጋራ ቋንቋ አልነበረም፤ የአንደኛዋ አማርኛ አምስት ቃል፣ የሌላይቱ አፋርኛ ሦስት ቃል ቢሆን ነው። ወተቱ ይገለበጣል፤ እናቴም አንድ ጣሳ ዱቄት፣ አንዳንድ ጊዜም ስኳር ወይም ቡና ትሰጣታለች። «ሸጠችልን» ለማለት አልደፍርም። በአፋር ዘንድ ወተት መሸጥ ነውር እንደ ነበረ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። እሷ ወተት ሰጠች፤ እናቴ ዱቄት ሰጠች፤ በቃ።

በ1972 በጋ ወተቱ አነሰ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ፤ ስለ አንድ ወንዝ በሁለት አቈጣጠር ማውራት ይከብደኛል።) ከዚያ ዕቃዋን ይዛ ሳይሆን ሕፃን አዝላ መጣች። እናቴ ዱቄቱን ሰጠቻት፤ እሷም ለጥቂት ጊዜ ባዶ እጇን ቆማ፣ የምትመልሰው በማጣቷ ያፈረች መስላ ሄደች። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። በቤታችን የተነሣው ጥያቄ «እሷ የት ደረሰች?» የሚል አልነበረም፤ «እንግዲህ ወተት ከየት ይመጣል?» የሚል ነበር። አባቴ ከከተማ አንድ ቆርቆሮ ኒዶ ይዞልን መጣ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ስሟን ያወቀ ከመካከላችን አልነበረም።

አሁን የምጽፈው ያ ነገር ስላልተዘጋብኝ ነው።

በአባቴ ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ ካርታ ተሰቅሎ ነበር። አዋሽ በሰማያዊ ይጠማዘዛል፤ እርሻዎቹ በአረንጓዴ ተቀብተዋል፤ የቀረው ሁሉ ነጭ ነው። ነጩ ምን እንደ ሆነ አባቴን በጠየቅኩት ጊዜ «ባዶ ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያውቀውን ነው የነገረኝ፤ በሕግም ቢሆን ልክ ነበር። በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130፣ በማንም ስም ያልተያዘን መሬት፣ ደንን፣ ወንዝን፣ ሐይቅን፣ የግጦሽ መሬትንም ሁሉ የመንግሥት ሀብት ነው ይላል። ላምህን የምታሰማራበት መስክ፣ አያትህም ያሰማራበት ቢሆን፣ በብዕር አንድ መሥመር ከእጅህ ወጣ ማለት ነው። በቋንቋችንም ሥራው ቀድሞ ተሠርቶ ነበር፤ ባለከብቱን «ዘላን» ብለነዋልና። ቃሉ ከ«መዘለል» ይምጣ ከሌላ፣ ጆሯችን የሚሰማው የሚዘልለውን፣ አንድ ቦታ የማይረጋውን ሰው ነው። የማይረጋ ሰው ደግሞ መሬት አለው አይባልም።

አዋሽ ከደጋው፣ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርድና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እንዲህ ያለ ወንዝ፣ ከላይ የተደረገበትን ሁሉ ታችኛው ሰው ይቀበላል። የልማቱ ታሪክ ከላይ ይጀምራል። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ስኳሩን ይዞ መጥቶ በወንጂ ሜዳ ሸንኮራ ተከለ፤ ፋብሪካው በ1954 ሥራ ጀመረ። በዚያ ሜዳ ከብት ያረቡ የነበሩት የጂሌ ኦሮሞዎች ቦታ ለቀቁ። በ1960 ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠራ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ሰሞን የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ በተንዳሆ የጥጥ እርሻውን ከፈተ። ቀጥሎ መተሐራ መጣ፤ እዚያ ደግሞ ከረዩዎች ግጦሻቸውን በአንድ ወገን ለሸንኮራው፣ በሌላ ወገን ለአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አጡ። የአፋር ባላባቶች ሁሉ ከዳር ቆመው ያለቀሱ እንዳይመስላችሁ፤ የአውሳው ሱልጣን ዓሊ ሚራሕም ሰፊ የጥጥ እርሻ ነበራቸው፤ በጥጡ የበለጸጉ ከአፋርም ነበሩ። ያልበለጸገው ፍየሏንና ላሟን ይዞ በነጩ ካርታ ላይ የሚዞረው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ሣር ነውና።

በመስኖ የለማው መሬት ሁሉ ቢደመር ከአዋሽ ተፋሰስ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ይህን የሚሰማ ሰው «ታዲያ ዘጠና ዘጠኙ አይበቃቸውም?» ቢል አይፈረድበትም፤ እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን የአፋር ዓመት ሁለት ፊት አለው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ዳር ትንኝና ዝንብ ስለሚበዛ፣ ሰውም ከብትም ከዳርቻው ርቆ ወደ ደረቁ ሜዳ ይወጣል፤ ያ ሜዳ ዝናብ በነካው በጥቂት ቀን ሣር ያበቅላል። በጋው ሲጠነክር ሜዳው ይነድዳል፤ ያን ጊዜ ወደ ወንዙ መመለስ ነው። ወንዙ ደግሞ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን አጥለቅልቆ ስለ ነበር፣ ውኃው ሲሸሽ እርጥብ አፈርና ለምለም ሣር ትቶ ይጠብቃል። እንግዲህ የወንዙ ዳር ሣር የበጋው ስንቅ ነው። እሱ ከሌለ በክረምት የሚግጡት ሰፊ ሜዳ ጥቅም የለውም፤ ሦስት ወር የማያሳድር ቤት፣ ዘጠኝ ወር ቢያምር ምን ይሆናል? ከብቱ በጋውን ካልተሻገረ የክረምቱን ሣር የሚበላው ማን ነው? ስለዚህ ያ ከአንድ በመቶ ያነሰው መሬት ሲወሰድ፣ ዘጠና ዘጠኙም አብሮ ተወሰደ። ለዓይን ግን ሜዳው እንደ ነበረ ነው። በክረምት ወንዙን የጎበኘ ባለሙያ የሰው ዱካ ባያገኝ «ባዶ» ብሎ ቢጽፍ ምን ይገርማል፤ ባለቤቶቹ ትንኝ ሸሽተው ሄደው ነዋ።

ግድቡ በበኩሉ ጎርፉን ገራው። ለእርሻና ለመብራት መልካም ነበር፤ ለሣሩ ግን ጎርፉ እናቱ ነበረች። ወደ ምሥራቅ ልሂድ ያለውም አልተመቸውም፤ በአላይደጌ ሜዳ በኩል ከኢሳዎች ጋር የነበረው ሽኩቻ መንገዱን እያጠበበው ሄዶ ነበር።

ይህን የሣር ስሌት በጽሑፍ በግልጽ ካስቀመጡት አንዱ ግሊን ፍላድ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ነበር። በአውሳ ከአፋሮች ጋር ኖሮ፣ በ1975 መጀመሪያ ስለ አፋር ዕጣ አጭር መጣጥፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ሱልጣኑ በሸሹበትና ደም በፈሰሰበት ግጭት እዚያው ተገደለ። ጥቂት ገጽ ጽፎ የሄደ ሰው ነው፤ ባነበብኩት ቍጥር ያ የቢሮው ካርታ ይታየኛል።

ድርቁ በመጣ ጊዜ፣ ይኸውም እኛ በአገራችን አቈጣጠር የስድሳ ስድስቱ ረኃብ የምንለው ሊነሣ ሲል፣ አስቀድሞ የወደቀው ባለከብቱ ነበር። አማርትያ ሴን በ1981 ስለ ድህነትና ረኃብ ባሳተመው መጽሐፍ ለኢትዮጵያ አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል፤ አፋሮቹንም አልረሳም። የእሱ ነገር እንዲህ ነው፦ በ1973 በአገሪቱ የነበረው ጠቅላላ እህል ያን ያህል አልጎደለም። ባለከብቱ የተመታው በሦስት በኩል ነው። ከብቱ በድርቅ አለቀ፤ ለክፉ ቀን የሚያስጠጋው ሣር ለጥጥ ሄዷል፤ የተረፈችውን ላም ይዞ ገበያ ሲወጣ ደግሞ የከብት ዋጋ ወድቆ በላሟ የሚገዛው እህል ጥቂት ሆነ። ከወተትና ከሥጋ ይልቅ እህል በአነስተኛ ዋጋ ብዙ ሆድ ይሞላልና፣ የተራበ አርቢ ከብቱን ሽጦ እህል መብላቱ የቆየ ብልሃት ነበር፤ ብልሃቱ የከሸፈው ገበያው በከዳው ዓመት ነው። እኔ ይህን ምዕራፍ ያነበብኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ሳነብ ሰንጠረዡን ማየት ተውኩ፤ የታየኝ የእናቴ ጣሳ ነበር። ወተት ይዞ ዱቄት መቀበል፣ ከዚያ ወተት ሳይዙ ዱቄት መጠየቅ፣ ከዚያ አለመምጣት። ያ ሁሉ ከደጃችን ላይ፣ በሦስት ማለዳ ታይቶ ነበር።

ስለ ጤና ስናስብ ሐኪም ቤት ይታየናል። የእርሻ ሠፈራችንም ክሊኒክ ነበረው፤ ነጭ ልብስ የለበሰ ድሬሰር፣ የኪኒን ጠርሙስ፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ክሊኒኩ የሠራተኛ ነበር። ሠራተኛውም ቢሆን አልቀናውም፤ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ለጥጥ ለቀማ የሚወርደው የደጋ ሰው ወባን አያውቃትም ነበርና፣ ቦዩ ዳር ባደረ በጥቂት ሳምንት ይንቀጠቀጣል። ቀድሞ በወቅቱ መጥቶ በወቅቱ የሚሄደው ትንኝ፣ ቦዩ በበጋም ውኃ ስለያዘለት ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠ። ከትንኙ መሸሽን በዘመናት የተማረው አፋር ደግሞ አሁን የሚሸሽበት ሣር ስለሌለው በእርሻው ዳርቻ፣ በቦዩ አጠገብ ሠፈረ። መንቀሳቀሱ ራሱ መድኃኒቱ ነበር፤ እኛ ግን መንቀሳቀሱን እንደ በሽታ ቈጥረን ልናድነው ተነሣን።

መድኃኒት ካልኩ አይቀር። በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ትንሽዬ አውሮፕላን ዝቅ ብላ በጥጡ ላይ ትበርር ነበር። እኛ ልጆች «መድኃኒት ልትረጭ መጣች!» እያልን ከሥሯ እንሮጥ ነበር፤ ነጭ ጉም ይወርድብናል፤ እንስቃለን። በአማርኛችን የሚያድነውም የሚገድለውም መድኃኒት ነው። አሁን ሳስበው የፍየሎቹ መንጋ ከማሳው ጠርዝ ላይ ያቺኑ የተረጨች ቅጠል ይለቅም ነበር፤ ሴቶቹም ከቦዩ ውኃ ይቀዱ ነበር።

ይሁን እንጂ ልማቱ በሽታን ብቻ አመጣ ብል ዋሸሁ። ቢልሃርዚያ ለምሳሌ ሁለት ዓይነት ነው። በሽንት በኩል ደም የሚያስወጣው ዓይነት በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ረግረጎች ጥንትም ነበረ፤ አፋሮች ያውቁታል። ያን በሽታ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ጥርት ያለ የረግረግ ውኃ ስለሚወድ፣ ረግረጉ ደርቆ ማሳ በሆነበት ቦታ በሽታውም ቀነሰ። ያንኑ ያህል ደግሞ የአንጀቱ ቢልሃርዚያ በላይኛው አዋሽ በሸንኮራው ቦዮች ውስጥ አዲስ ቤት አገኘ። ወንዝ እንዲህ ነው፤ በአንድ በኩል ሲዘጉት በሌላ በኩል ይከፍታል። የገረመኝ፣ ለቀንድ አውጣው መፍትሔ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የልብስ አጣቢ ሴቶች ወንዝ መሆኑ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የቀንድ አውጣ ሬሳ ተጥሎ አየ። እናቶቻችን ለዘመናት የያዙት ሳሙና፣ ቀንድ አውጣ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። የአገር ዕውቀት ግን የአገር ሀብት ለመባል ጊዜ ይወስዳል፤ በ1990ዎቹ የእንዶድን የዛጎል ገዳይነት የሚመለከት የባለቤትነት መብት ያወጣው አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

የራሴንም አካል ላክልበት። ጥርሴ ቡኒ ነው። የተወለድኩት ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንዲቱ፣ አባቴ ወደ ጥጡ ከመዛወሩ በፊት ነበር፤ የሸለቆው እሳተ ገሞራ ድንጋይ ለጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ እጅግ ያልፋሉ። ልጅ ሆኖ የጠጣ ጥርሱ ይበልዛል፤ ዕድሜውን ሙሉ የጠጣ አጥንቱ ይደድራል፤ ወገቡ አልታጠፍ ይላል። የወንጂን ሠራተኞች የመረመሩት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህንን በዝርዝር ጽፈውታል። ቀድሞ ሰው ከወንዙ ይጠጣ ነበር፤ ወንዙ ፍሎራይዱ አነስተኛ ነው። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሠፍርና ጉድጓድ ሲቈፈር ነው ከሥር የተኛው የተነሣው። በመተሐራ የበሰቃ ሐይቅ ነገርም ከዚሁ ወገን ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ጨዋማ ሐይቅ ከአርባ በላይ ሆኖ የከረዩን ግጦሽ ዋጠ። ከሥር ያሉት ፍል ውኃዎች ናቸው ያበዙት ወይስ ከመስኖው የሚሰርገው ውኃ የሚለው ክርክር አላበቃም፤ መሬቱን ላጣው ሰው ግን ክርክሩ ሣር አይሆነውም።

መንግሥት ተለወጠ፤ ነጩ ካርታ ግን አልተለወጠም። ደርግ በ1975 እርሻዎቹን ወረሰ፤ ለባለከብቱ ሳይመልስ የመንግሥት እርሻ አደረጋቸው። በዚያ ዘመን ለጥላና ለንፋስ መከላከያ ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾኻም ዛፍ ተተከለ። አፋሮች «የደርግ ዛፍ» ይሉታል። ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ ከብት ይበላዋል፤ ዘሩን በሄደበት ይዘራዋል። በ1990ዎቹ ከመሬቱ ጥቂቱ ለጎሳዎቹ ሲመለስ፣ ከፊሉ በመስኖ ጨው የተበላ ነበር፤ ባዶ በቀረውም ላይ ዛፉ ገባ። ዛሬ በአፋር ክልል የያዘው ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። በማሊ በ2017 የታተመ ጥናት ደግሞ የዛፉ አበባ የወባ ትንኝን በስኳር እየቀለበ ዕድሜዋን እንደሚያረዝም አሳይቷል። ከላይ በኩል ደግሞ የአቃቂ ቆሻሻና የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ወደዚሁ ወንዝ ይገባል፤ አዲስ አበባ እጇን የምትታጠበው በአዋሽ ነው።

ወረቀቱ ግን አምሯል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንኡስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል፤ «ዘላን» የሚለው ቃልም ከሹማምንት አፍ ወጥቶ «አርብቶ አደር» ተተካ። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ስለ ነባር ሕዝቦች መብት መግለጫ ሲያጸድቅ 143 አገሮች ደገፉ፤ ኢትዮጵያ በድምፅ መስጫው አልተገኘችም። እንደ እኛ ባለ አገር «ነባር» ማን ነው የሚለው ጥያቄ ያስቸግራል፤ ሁላችንም ነባር ነን እንላለን። እኔ ግን ስለ አዋሽ ሳስብ ጥያቄው ይቀልለኛል፦ የወንዙን ጎርፍና የትንኙን ወር ማን ነበር የሚያውቀው?

በ2019 በጅቡቲ መንገድ ወርጄ ነበር። መንገዱ ዳር ከሰል በየጆንያው ተደርድሯል፤ የፕሮሶፒስ ከሰል ነው። ሾፌሩ ለሻይ ሲያቆም አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ወደ መስኮቱ መጣች። በእጇ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች፤ በአገራችን «ሃይላንድ» የምንለውን፣ ያም በባሕር ማዶ ቋንቋ ደጋ ማለት ነው። የግመል ወተት ነበር።

«ወተት ግዛ፣ አባባ» አለችኝ፤ አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው።

«ስንት ነው?»

«ሃምሳ ብር።»

ሳልከራከር ከፈልኳት። ገንዘቡን ቈጠረችና ወደሚቀጥለው መኪና ሮጠች። ጠርሙሱን ከፍቼ አሸተትኩት። ጢስ ጢስ አይልም።